የስፒከር መሞከሪያ የሆነው አልበም

መስከረም 12

ለተከበርከው ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ እያነበብክ ከሆነ ተቀመጥ። ተቀምጠህ ከሆነ የምትደገፈው ግድግዳ ፈልግ። ውሃ ቢጤም አጠገብህ ይኑር። በቤተሰቡ ስም፣ በሰፈሩ ስም፣ እንዲሁም በሬዲዮ ጥገና ቤታችን ሠራተኞች ስም (ሁለት ነን) እጅግ ከባድ መርዶ ላረዳህ ተገድጃለሁ።

ሁለተኛው አልበምህ በተወለደ በሰባት ወሩ፣ ከካርቶኑ በቅጡ ሳይወጣ፣ ይህችን ዓለም ተሰናብቷል። የሞተው ገዢ በማጣት ነው። የሚችለውን ሁሉ ታግሏል፤ አልሆነም። አስከሬኑ በእናትህ አልጋ ሥር አርፏል። በቀብሩ ላይ የተገኘነው እኔና ድመቷ ነን፤ ድመቷም ቶሎ ሄደች።

አሁን ቀልዱን ልተው። ለአንድ ደቂቃ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ከቻልኩ ታምሜያለሁ ማለት ነው።

እማማ እስከ ዛሬ የጻፉልህን ታውቃለህ፤ «ልጄ፣ ዘፈንህን ሰው ተሻማበት፣ ሱቁ ውስጥ አንድም አልቀረ» የሚለውን። ቃሉ የእሳቸው ነው፤ እጁ የእኔ ነው። እኔ የእናቴ የአክስት ልጅ ለሆንከው ለአንተ ዘመድ፣ ለእናትህ ግን ያለ ደመወዝ ጸሐፊ ነኝ። ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቢጣላኝም የእጅ ጽሑፌን አልቀማኝም። የቤታችንን ሕግ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ክፉ ወሬ በደብዳቤ አይጻፍም። አያታችን አንድ ጊዜ «ቤቱ ተቃጠለ» የሚል ደብዳቤ ደርሷቸው የስምንት ቀን መንገድ በአራት ቀን ገስግሰው ሲመጡ የተቃጠለው የጎረቤት የዶሮ ቤት ሆኖ ተገኘ። ከዚያን ቀን ወዲህ በእኛ ቤት ደብዳቤ ላይ የሞተ ሁሉ «ትንሽ አሞታል» ነው።

አንተ ግን ባለፈው «የመጀመሪያው ካርቶን ካለቀ ሁለተኛውን ልላክ ወይ?» ብለህ ጠየቅህ። እማማ «ላክ በይው» አሉኝ። ብዕሬ እንቢ አለ። ጋሼ፣ ሁለተኛውን የት እናስቀምጠዋለን? አልጋው አሁንም በመጀመሪያው ላይ እየተንገዳገደ ነው። እሳቸው ተኝተው ሲገላበጡ አንተ ትሰነጠቃለህ።

እውነቱ ይኸውልህ። ከመቶው ዘጠኝ ተሸጠ። ሰባቱን የገዙት እማማ ናቸው፤ ባለ ሱቁ እንዳያውቅ ሰባት የተለያዩ ጎረቤቶች እየላኩ። ስምንተኛውን የገዛው ሰውዬ የመጀመሪያው አልበምህ መስሎት ነበር፤ በማግስቱ ሊመልሰው መጣ። ዘጠነኛው ተሰርቋል። እኛ ግን ከተሸጠው ቆጥረነዋል፤ ቢያንስ አንድ ሰው ፈልጎታላ!

ደግሞ ምን ነካህ? በመጀመሪያው ከበሮው ሲደልቅ፣ ጊታሩ ሲንጫጫ፣ አውቶቡሱ ሁሉ በአንተ ነበር የሚሄደው። በሁለተኛው አንተና ጊታርህ ብቻ፤ ያውም ተኮራርፋችሁ። አንዱ መስመር ካለቀ ሌላው እስኪመጣ ሰው ሻይ አፍልቶ ይጠጣል። ጎረቤታችን «ማጫወቻው ቆሟል እንዴ?» ብላ ሁለት ጊዜ በጥፊ መታችው።

ሐዘንህን ለማቅለል አንድ ደስታ ልንገርህ፤ አልበምህ ሥራ አግኝቷል። አለቃዬ፣ ሬዲዮ ስለሚያክም «ዶክተር» የምንለው፣ የጠገነውን ስፒከር የሚሞክረው በአንተ ነው። ከካቻቪቴውና ከቴስተሩ አጠገብ ተሰቅለሃል። ከዚህ በላይ ክብር አለ?

ትንሽ ስላመመው አልበም አጽናኝ ሆኜ የቀረሁት፣
ፌንጣ

*

ኅዳር 4

ለፌንጣ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለእናቴ፣ ሰላም ለቤቱ ሁሉ ይሁን። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እውነቱን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ሁለተኛው ካርቶን አይላክም።

እዚህም እንዲያው ነው። ያሳተመልኝ ሰው ስልኬን ማንሳት ካቆመ ቆየ። እዚያ ግን ሰው ወዶታል ስትሉኝ፣ የአገሬ ሰው ገብቶታል ብዬ ነበር። ይሁን።

ማወቄን ለእናቴ አትንገሪያት። እንደ ድሮው ትጻፍ፤ አንቺም እንደምትልሽ ጻፊላት። ስለ ሽያጭ ከእንግዲህ አልጠይቅም። ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ ብቻ አስታውቂኝ። ለብርዱ የሚሆን ሹራብ በሰው እልካለሁ።

ስለ ስፒከሩም ሰማሁ። ጥሩ ነው። ለሥራ መጥቀሙ ጥሩ ነው።

የምሠራበት ሆቴል እንግዳ በዝቷል፤ የማጥበው አንሶላ ተራራ ሆኗል። ስለዚህ አላራዝምም።

ዘመድሽ

*

ኅዳር 29

ለምወድህ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እናትህ በጣም ደህና ነኝ። (ጋሼ፣ ይህ የእማማ ቃል ነው። በቅንፍ ያለው የእኔ ነው። «እስቲ መልሰሽ አንብቢልኝ» ሲሉኝ ቅንፉን እየዘለልኩ አነብላቸዋለሁ። ሌባ መሆን እንዲህ ይቀላል።)

ጉልበቴ ድኖልኛል። (አልዳነም። ደረጃውን በቂጣቸው ነው የሚወርዱት። ግን ሐኪሙ የሰጣቸውን ቅባት ይቀባሉ፤ አታስብ።) ሹራቡ ደርሶኛል፤ ልክክ ብሎልኛል። (እጅጌው ለሁለት እናት ይበቃል።)

የዘፈንህ ነገር መቼም የሚያስገርም ነው። ሱቁ በር ላይ ሰው እየተጋፋ ነው። (እውነት ነው፣ ተጋፍቷል። የዳቦው ሰልፍ እዚያው ጋ ነው።) የሚያውቁኝ ሁሉ «የአርቲስቱ እናት» ይሉኛል። (ይህም እውነት ነው። ያስጀመሩት ግን ራሳቸው ናቸው።)

ግን ልጄ፣ ድምፅህ ቀጥኖብኛል። ትበላለህ ወይ? (ይህን ሲሉ አልቀለዱም። ጠዋት ጠዋት ልብስ ስፌታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያዳምጡሃል። የመጀመሪያውን ሲሰሙ ይሰፉ ነበር፤ በሁለተኛው መርፌው ይቆማል። እንኳን ሱሪ፣ አንድ ቁልፍ አልተተከለም። ሱሪዬ እዚያው ነው፤ ስትዘፍን እኔ በቀሚስ እዞራለሁ።)

ያለፈው ደብዳቤህ አጭር ነበር። ሥራ ቢበዛብህ ነው እንጂ አኩርፈህ አይደለም። («ጥያቄ ምልክት ላድርግበት?» አልኳቸው። «አይ፣ አራት ነጥብ አድርጊ» አሉኝ።)

አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ፣ እጅህን ከትኩስ ነገር ያርቅልህ።

እናትህ

(ጋሼ፣ አኩርፈሃል? አኩርፈህ ከሆነ በስድብ ጻፍልኝ። «ጥሩ ነው፣ ለሥራ መጥቀሙ ጥሩ ነው» አትበለኝ። እንዲያ የሚናገረው የቀበሌ ሰው ነው።)

*

ጥር 10

ለፌንጣ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ለአንቺ ብቻ ነው የምጽፈው፤ ለእናቴ የሚነበበው ሌላው ወረቀት ነው።

አላኮረፍኩም። አንቺን መስደብም አላቃተኝም፤ ነገረኛ፣ እግርሽ ከምድር የማይረጋ፣ ምላስሽ ከእግርሽ የሚቀድም ነሽ። ደስ አለሽ?

ነገሩን ግን ወስኛለሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከምድር በታች ባለ ክፍል የሰው አንሶላ አጥባለሁ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ተናገርኩ፤ አንድ ጊዜ ሰሙኝ፣ አንድ ጊዜ አልሰሙኝም። ፍርዱ አልተዛባም። በመጀመሪያው ሰው የሚወደውን አውቄ ሠራሁ። በሁለተኛው እኔ የምሰማውን ሠራሁ። ሰው ደግሞ እኔ የምሰማውን አልፈለገም። ሦስተኛ የለም።

አብሮኝ የሚሠራ፣ ካውያ ላይ የቆመ ሰውዬ አለ። ከእኔ በአሥር ዓመት ይበልጣል። ሁልጊዜ «ጊታርህን ሽጥልኝ፣ ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ እንዳይፈታ» ይለኛል። የምሸጠው ነገር አይደለም፤ ልሰጠው ተስማምቻለሁ። የካቲት ሲያልቅ መጥቶ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ክፍሌ ይሰፋል፤ ልብስ መስቀያ ላስገባ አስቤያለሁ።

ለእናቴ አትንገሪ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለአንድ ጊዜ ሳትቀልጂ መልሺልኝ። ያ ዶክተር የምትሉት ሰውዬ ስንትና ስንት ዘፈን እያለ ስፒከር በእኔ የሚሞክረው ለምንድን ነው? የትኛውን ዘፈን ነው የሚከፍተው?

ዘመድሽ

*

ጥር 29

ለባለ ጊታሩ ጋሼ፣ (ገና ነህ! የካቲት አላለቀም!)

ሰላምታውን በኋላ እልክልሃለሁ፤ አሁን ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው፣ እየሮጥኩ ነው የምጽፈው። ሳትቀልጂ ስላልከኝ ምላሴን ነክሻለሁ። እያመመኝ ነው።

አራተኛውን ነው። ያን ከመሃል ላይ ጭራሽ ዝም የምትልበትን።

ዶክተሩን እንዲህ ስል ጠየቅኩት፦ «ከስንቱ ዘፈን እሱን ለምን መረጥክ?»

«ሌላው ዘፈን ይዋሻል» አለ ሽቦ እየላጠ።

«እንዴት ይዋሻል?»

«ከበሮ አለ፣ ኦርጋን አለ፣ ጫጫታ አለ። ስፒከሩ ቢታመምም ጫጫታው ይሸፍንለታል። ይሄ ሰውዬ ግን ዝም ይላል። እሱ ዝም ሲል ስፒከሩ ብቻውን ይቀራል። ብቻውን የቀረ ሰው ደግሞ ሕመሙን ይናገራል።»

ይኸውልህ፣ ጠይቀህ ነበር። አሁን ግን ያልነገርኩህን ልንገርህ፤ አምስት ወር ሙሉ እየሳቅኩበት ረስቼው ነው።

መጀመሪያ ላይ የፊት ለፊታችንን ልብስ ሰፊ ሬዲዮ ጠግኖ በአራተኛው ዘፈን ሞከረው። ዝም የምትልበት ቦታ ሲደርስ ከውስጥ «እምምምም… ቅጭ፣ እምምምም… ቅጭ» ይላል። ፈታው። ሽቦ ቀየረ። ገጠመው። «እምምምም… ቅጭ»። እንደገና ፈታው፤ የስፒከሩን ወረቀት በሙጫ ለጠፈ፤ እናቱን ሰደበ፣ የስፒከሩን ማለቴ ነው። «እምምምም… ቅጭ»። በሦስተኛው ልብስ ሰፊዋ መጥታ «ኧረ ዶክተር፣ ደህናውን ሬዲዮዬን በቀዶ ሕክምና ገደልክብኝ!» ብላ ጮኸች። ሌላ ሬዲዮ አመጣ፤ ያው። የትምህርት ቤቱን ድምፅ ማጉያ አመጣ፤ ያው። ሁሉም በአንድ በሽታ ተይዘዋል። እኔ «ወረርሽኝ ነው፣ በር እንዝጋ» አልኩት፤ ሊመታኝ ካቻቪቴ አነሳ።

ከዚያ ቁጭ ብሎ ጆሮ ማዳመጫ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ። አራት ጊዜ ሰማህ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«በሽታው የሬዲዮዎቹ አይደለም፤ የዘፋኙ ነው። ይሄ ሰውዬ ትልቅ የሚዞር ማሽን አጠገብ ተቀምጦ ነው የዘፈነው። ማሽኑ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። ዘመድሽ ነው ካልሽ ጻፊለት፤ ሳይሰበር ያስቀይሩት፣ ሰው ይጎዳል።»

እኔ ደግሞ ሳቄን ጨርሼ ልጽፍልህ ስል ሳቁ አላልቅ አለ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ቃል ከእኔ ሲወጣ ሰምተህ አታውቅም፤ ደህና አድርገህ አስቀምጠው።

ሌላም አለ። ልብስ ሰፊዋ ሬዲዮዋን ልትወስድ መጥታ ዶክተሩ አራተኛውን ከፈተና «ይኸው ድኗል» ብሎ ሊዘጋው ሲል፣ «ቆይ፣ ይጨርስ» አለችው። ቆመች። ሬዲዮዋን እንደ ሕፃን አቅፋ እስኪያልቅ ቆመች። አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው። ሬዲዮ ሊወስድ የመጣ ሁሉ ይቆማል። መጋዘን ጠባቂው ይቆማል፣ ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ ይቆማል። ስምህን አያውቁም። «ያ የማይቸኩለው ሰውዬ» ነው የሚሉህ። እንዳትመኝ፣ አንድም ሰው ሲዲውን አልገዛም! ለምን ይገዛሉ፣ በነጻ ቆመው እየሰሙ! ግን የመጀመሪያውን አልበምህን ሰው ሌላ ነገር እየሠራ ነው የሚሰማው፣ ጋሼ። ለዚህ ግን ሥራ ያቆማሉ። እማማ ብቻ መስለውኝ ነበር።

ጊታሩን አትስጠው። ለመንኩህ። ለምኜ አይተኸኝ ታውቃለህ? እኔም አላውቅም፤ እንዴት እንደሚለመን ዶክተሩን ጠየቅኩት፣ «ዝም ብለሽ ጻፊው» አለኝ።

መስኮቱ እየተዘጋ ነው።

ፌንጣ

*

ግንቦት 2

ለፌንጣ፣ ለጓዳዬ ሰላይ፣

ሰላምታዬ በጥሩ ጤና ያግኝሽ። እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጊታሩ በሄደ በሁለተኛው ቀን ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለበት ሚስማር ባዶውን አፍጥጦብኝ፣ ቆሜ አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ ጫማዬን አድርጌ ወደ ሥራ ሄድኩ፤ የዕረፍት ቀኔ ነበር።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ሁለተኛውን አልበም የቀዳሁት ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም። የሆቴሉ የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል አለ፤ እስከ ጣራው ድረስ መደርደሪያ ነው። እሑድ እሑድ ማንም አይገባም። የታጠፈ አንሶላ ድምፅ ይውጣል፤ ስትናገሪ ቃልሽ ወደ አንቺ አይመለስም። እንዲያ ያለ ቦታ ሌላ የት አገኛለሁ? ከግድግዳው ወዲያ ግን ሦስተኛው ማድረቂያ ማሽን አለ፤ እሑድም አይተኛም። ያሳተመልኝ ሰው «ይህን ጉምጉምታ እናጥፋው» ብሎኝ ነበር። «ተወው፣ እኔ የምሰማው እንዲህ ነው» አልኩት። የታመመ ማሽን መሆኑን ግን አላወቅሁም፤ ዜማ መስሎኝ ነበር።

ለክፍሉ ኃላፊ «ሦስተኛው ማድረቂያ ኩሽኔታው አልቋል» አልኩት።

«ማን አለ?»

«ባሕር ማዶ ያለ ሰው በዘፈን ሰምቶ ነው።»

ግንባሬን በእጁ ነካ፤ ትኩሳት እንዳለብኝ ሊያይ። ግን ሰውየው ጠንቃቃ ነው፤ አስፈታው። ኩሽኔታው እንደ ደረቅ ብስኩት እጃቸው ላይ ተፈረፈረ። ካውያው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ለዚያ ማሽን ሰጥቶ ነው የሚሠራው። ኃላፊው «መሐንዲስህ ማን ነው?» ቢለኝ «ዶክተር ነው» አልኩት። አልገባውም፤ አላስረዳሁትም። ለዶክተሩ ከልቤ እጅ ነሥቻለሁ በይው።

አሁን ወደ ጊታሩ። ካውያው ሰውዬ ጊታሩን እንደ ካውያ ነው የሚይዘው፤ ተጭኖ ይገፋዋል። በሳምንቱ የፎቁ ሰዎች አቤቱታ አቀረቡ። እኔ ክሩን ብቻ ልቃኝለት ብዬ አንድ እሑድ ሄድኩ። በሁለተኛው እሑድ ጣቱን የት እንደሚያደርግ ላሳየው ሄድኩ። በሦስተኛው ሚስቱ ሳልቀመጥ ወንበር አወጣችልኝ። «መልስልኝ» ስለው እንቢ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህ ሰውዬ ሁለቱንም ነው። «ስጦታ አይመለስም፤ ግን እሑድ ላውስህ እችላለሁ፣ ያለቀ አዲስ ዘፈን ይዘህ ከመጣህ» አለኝ። ያላለቀ ይዤ ብሄድ በሩን አይከፍትልኝም። አንድ ጊዜ አጋማሹን ይዤ ሄጄ በደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት።

ስለዚህ የራሴን ጊታር በትውስት እየወሰድኩ፣ ሦስት ዘፈን አለኝ። አልበም አይደለም። ማንም አልበም ነው እንዳይል። በአንድ ሲዲ ላይ አድርጌ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ሌላ ቅጂ አላወጣሁም።

ዶክተሩን ጠይቂልኝ፤ ሁለተኛው ላይ ዝም ያልኩበት በዝቷል ወይ?

ጋሼ

*

ግንቦት 27

ለጋሼ፣ በትውስት ለሚዘፍነው፣

ከደጃፋችን እስከ ደጃፍህ ያለው መንገድ ሁሉ ሰላም ይሁንልህ።

ሲዲው ደርሷል። ዶክተሩ ከፍቶ መጀመሪያ ያለው፣ «ማሽኑ የታለ?» ነው። ኩሽኔታው መቀየሩን ስነግረው ደስ አለው፣ ትንሽ ደግሞ ከፋው። «ያንን ድምፅ የማያሰማ ስፒከር አልዳነም ብዬ ነበር የምለየው» አለ። ለሙከራ አሮጌውን አስቀርቷል፤ አንተ አዲስ ብትሠራም ከመስቀያው አትወርድም።

ከዚያ ሦስቱንም ሰማ። ካቻቪቴውን አስቀምጦ። ለጥያቄህ መልሱ ይኸው፣ ቃል በቃል፦ «አልበዛም። እንዲያውም ፈርቶ ቶሎ ገብቷል። ሰው የለም ብሎ ነው። እዚህ ሰው ቆሟል በይው።»

ማታ ለእማማ ወሰድኩላቸው። በማግስቱ ዶክተሩ ሊወስደው ቤት ድረስ መጣ። እሳቸው «አልጨረስኩም» አሉት። «ለሥራ ነው፣ እማማ» አላቸው። «የእኔም ሥራ ነው» አሉት። በሩ ላይ አንዱ በአንድ ጠርዝ፣ ሌላው በሌላ ጠርዝ ይዘው ቀሩ። እማማ በዚህ መሃል ዞር ብለው «ለልጄ ጻፊለት፤ አዲሱን ሰው ተሻማበት፣ አንድም አልቀረ በይው» አሉኝ። እኔም ጻፍኩ። ስጽፍላቸው በኖርኩበት ዘመን ያልዋሸሁበት ቀን ይህ ነው፤ ብዕሬም እንቢ አላለም።

ማወቅህን እንደሚያውቁ ግን ጠርጥሬያለሁ። «የበፊቱስ ካርቶን?» ብላቸው፣ «እሱ አልጋው ሥር ይመቸዋል፣ ዝም በይ» አሉኝ። ዝም አልኩ። ለዚያውም እኔ!

ለካውያው ሰውዬ ሰላም በልልኝ። ጊታሩን እንዳይመልስልህ አደራ። ከመለሰልህ ትሰንፋለህ፤ አውቅሃለሁ።

እንግዲህ ጋሼ፣ እስካሁን የላክነውን ሁሉ ሰብስቤ ሳየው አፈርኩ። ምንድን ነው ይህ ሁሉ? አንድ ሰው ዘፈነ፤ ሰው አልገዛም። በዓለም ላይ ስንቱ ይዘፍናል፣ ስንቱ አይገዛም። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልታሰረም፣ የማንም ቤት አልፈረሰም። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ያን ያህልም አልነበረም።

ፌንጣ